የሁለቱ ቁልፎች አደራ፦ የአቶ ሃይለኣብ ተስፋሚካኤል የሕይወት ታሪክ

አቶ ሃይለኣብ ከአባታቸው ከባሻይ ተስፋሚካኤል እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ለተገርግሽ በ1934 ዓ.ም. ከአስመራ በስተደቡብ በምትገኘው በዓዲ ቀርኒ መንደር ተወለዱ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ልጃቸው ዳኒኤላ በትግርኛ ያነበበችውን የሕይወት ታሪካቸውን ሰምታችኋል። ይህኛውን ከደሴ ለመጣው ለባለቤታቸው ወገን ያዘጋጀሁት እኔ የባለቤታቸው ወንድም ተመልሶ ነኝ፤ ዳኒኤላ በትሕትና ያለፈችውን እኔ አላልፍም።

አቶ ሃይለኣብ በመንደራቸው ቤተ ክርስቲያን ዳዊት ከደገሙ በኋላ አስመራ ገብተው ትምህርታቸውን ተከታተሉ። በ1953 በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጸሐፊ ሆነው ተቀጠሩ። በ1960 ወደ ደሴ ተዛወሩ። እዚያም እህቴን ወይዘሮ አዜብን አይተው ወደዱ፤ በ1963 በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። አባታችን ልጃቸውን ለሩቅ አገር ሰው መስጠቱ ቢከብዳቸውም፣ «ይህ ሰው ያለውን የሚያደርግ ይመስላል» ብለው መርቀው ሰጧቸው። በ1966 ወደ አስመራ ተመልሰው ቤት ጊዮርጊስ ሰፈር ጎጆ ቀለሱ፤ ዳኒኤላንና ዘርኣይን ወለዱ። እኔም ተከትያቸው መጥቼ ዓኽርያ በሚባለው ሰፈር የእንጨት ሥራ ከፈትኩ።

በጦርነቱ ዘመን መዝገብ ይቃጠል፣ የቤተሰብ ወረቀትም ለሻሂ ማፍያ ይማገድ ነበር። አቶ ሃይለኣብ ይህን እያዩ ይንገበገቡ ነበር። ስለዚህ ነፃነት በመጣ ማግሥት የአውራጃውን የታሪክ ሰነዶች የሚሰበስብ ቤት በኮምቢሽታቶ ጎዳና አቅራቢያ ሲከፈት፣ የጡረታ ዕድሜያቸው ደርሶ ሳለ እንደ ጎረምሳ ሮጠው ተቀጠሩ። የሰነድ ማሰባሰቢያው ክፍል ኃላፊም ሆኑ። በየመንደሩ እየዞሩ የጋብቻ ውል፣ የድንበር ፍርድ፣ የትውልድ ቆጠራ ይለምኑ ነበር። ሕዝቡ ግን መሬቱን የሚነጠቅ መስሎት ወረቀቱን ደበቀ። ብዙ ጊዜ ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል።

ከሁሉ የበለጠ የለፉት ለገዛ መንደራቸው ሳጥን ነው። የዓዲ ቀርኒ ሰው የሁለት ወንድማማቾች ዘር ነው፤ ከአንዱ የላይ ሰፈር፣ ከሌላው የታች ሰፈር ወረደ። የትኛው ወንድም በኩር እንደነበረ ግን እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። በኩር ነኝ የሚል በግብዣ ቀድሞ ይቀመጣል፣ በችሎት ስሙ ቀድሞ ይጠራል፤ ታላቅ ግን ወደ ታናሽ ደጅ አይሄድም፤ ቀድሞ የሚመጣው ታናሽ ነው። የጋራ ወረቀታቸው በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት፣ ሁለት ቁልፍ ባለው የቆርቆሮ ሳጥን ይቀመጥ ነበር። አንዱ ያለ ሌላው እንዳይከፍተው አንዱን መክፈቻ የላይ ሰፈር፣ አንዱን የታች ሰፈር ይዞታል።

በ1993 የዕቃ ቤቱ ጣሪያ ሲያፈስስ ሳጥኑ ወደ አስመራ እንዲሄድ ተስማሙ። አቶ ሃይለኣብ በአባታቸው የላይ፣ በእናታቸው የታች ሰፈር ልጅ ስለሆኑ ሁለቱም አመኗቸው። መክፈቻቸውን ግን አልለቀቁም። እሳቸውም በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመው፣ «ሁለታችሁም ሳትገኙ አይከፈትም» ብለው ቃል ገቡ። የላይ ሰፈር መክፈቻ በሽማግሌው በኣቦይ ኣስመሮም፣ የታች ሰፈር በባልቴቷ በኣደይ ኣብርሄት እጅ ነበር። ኣቦይ ኣስመሮም «መጀመሪያ እሷ ትምጣ» አሉ። ኣደይ ኣብርሄት «ኖ! መጀመሪያ እሱ ይምጣ» አሉ። ሳጥኑም እንደተቆለፈ ከረመ።

በ1995 አንድ አለቃቸው ትዕግሥቱ አልቆ ቁልፉ ይቆረጥ አለ። ብረት ቆራጭ ከዓኽርያ ተጠራ። የተጠራው ሐቢብ የሚባል የወሎ ልጅ፣ የእኔ ጎረቤት ነው፤ የሆነውን የነገረኝም እሱ ነው። መጋዙን ይዞ ሲገባ አቶ ሃይለኣብ ከነኮታቸው ሳጥኑ ላይ ተቀምጠዋል። «ወንድሜ፣ አንተ ጥፋት የለብህም፤ ና ሻሂ ጠጣ» ብለው እዚያው እንደተቀመጡ አስጋበዙት። እስኪሄድ ድረስም አልተነሱም። ከዚያ ወዲያ ቁልፉን ሊያስቆርጥ የደፈረ የለም።

በዚያ ሳምንት ከኃላፊነታቸው ተነስተው ንባብ ክፍል በር ላይ ተቀመጡ። እህቴ፣ «ሰው ለቆርቆሮ ብሎ ሹመቱን ይጥላል?» ብላ ተቆጣች። እኔም ግትር ብያቸዋለሁ። እሳቸው «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» አሉ። ሹመቱ አላሳዘናቸውም። የሚያሳስባቸው ሌላ ነበር፦ ሳጥኑ እርጥበት እርጥበት መሽተት ጀምሯል። ቃላቸውን ሲጠብቁ ወረቀቱ እንዳይበሰብስ ፈርተው እንቅልፍ አጡ። ሁለቱን ሽማግሌዎች ሊለምኑ ደጋግመው ዓዲ ቀርኒ ወረዱ፤ መልሱ ያው ነበር። ወሬው ግን በገጠሩ ተዛመተ። «ሹመቱን ጥሎ የአደራ ቁልፍ ያላስነካ ሰው» እያሉ ከሌሎች መንደሮች ወረቀታቸውን በነጠላ ጠቅልለው ያመጡላቸው ጀመር።

አቶ ሃይለኣብ በ1997 ክረምት ኩላሊታቸው ታሞ ሆስፒታል ገቡ። የታመመ መጠየቅ የማይቀር ነውና ኣቦይ ኣስመሮምና ኣደይ ኣብርሄት አንድ ቀን ሳያስቡት አልጋቸው ግራና ቀኝ ተገናኙ። አቶ ሃይለኣብ ሁለቱንም አይተው፣ «ወረቀቱ እየበሰበሰ ነው፤ እኔም እየሄድኩ ነው። ቃሌን ትፈቱልኛላችሁ ወይስ ይዤው ልሂድ?» አሏቸው። ያኔ እዚያ ነበርኩ።

ሁለቱ ሳይነጋገሩ ወጥተው ወደ ሰነዱ ቤት በአንድ አውቶቡስ ተሳፈሩ፤ በአንድ ፌርማታ ወረዱ፤ መንገዱን ግን አንዱ በዚህ፣ አንዷ በዚያ ዳር ሄዱ። ከጉያቸው በማይለየው መክፈቻቸው ሳጥኑን ከፈቱት። ከታች የነበረው ወረቀት ሻግቷል፤ ከላይ የነበረው ተርፏል። የበኩሩን ነገር የሚያነሳ አንድም ቃል አልተገኘበትም። ተመልሰው ሲነግሯቸው አቶ ሃይለኣብ ስለ ወረቀቱ ብዙም አልጠየቁም። «ማን ቀድሞ ገባ?» አሉ። ኣቦይ ኣስመሮም፣ «እኩል ገባን፣ በሩ ሰፊ ነው» ብለው መለሱ። አቶ ሃይለኣብ ያን ቀን ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። መስከረም 9 ቀን 1997 በ63 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ አዜብን፣ ልጆቻቸውን ዳኒኤላንና ዘርኣይን እንዲሁም የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል።

ትናንት በሐዘኑ ድንኳን ይህን ስጽፍ ኣቦይ ኣስመሮምና ኣደይ ኣብርሄት መጥተው፣ ስማችን ከሐዘንተኞቹ ጋር በአንድ መስመር ይጻፍ አሉኝ። ማንን ላስቀድም ብዬ ጠየቅሁ። ሁለቱም እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ ኣደይ ኣብርሄት፣ «ጻፍ ዝሓወይ፣ ወንድሜ፤ እሱ ይቅደም» አሉ። ኣቦይ ኣስመሮም ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጎትተው አለቀሱ።

ስለዚህ እንደታዘዝኩት ጽፌአለሁ፦ ኣቦይ ኣስመሮም እና ኣደይ ኣብርሄት፣ ወንድማቸውን ያጡ።

ቃሉን የማያጥፍ አምላክ ቃላቸውን ጠብቀው የመጡትን አገልጋዩን በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም እርስ በርስ የምንተያይበትን ዓይን ይስጠን። አሜን።