የባለቤቴን ወገብ ላቀኑት ዶክተር

ለክቡር ዶክተር ኢልያስ፣
የአከርካሪና የመገጣጠሚያ ክሊኒክ ኃላፊ፣
ፒያሳ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? የእርስዎ ጤና፣ የባልደረቦችዎ ጤና፣ ከሁሉም በላይ መላው አራዳ የሚያወራላቸው የሁለቱ እጆችዎ ጤና እንደምን ነው? እኔ ከጊዮርጊስ ቁልቁል በሚወስደው መንገድ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ወለምታ በቅቤ ሳሽና ስብራት ስጠግን የኖርኩት ወጌሻ ገብረዮሐንስ ነኝ። ደጃፌ ላይ ስቀመጥ የእርስዎ ወረፋ ፊት ለፊቴ ነው። ባለፈው ወር ባለቤቴ አክበረት እዚያ ወረፋ ውስጥ ቆማ ያየኋትም እንዲሁ ተቀምጬ ነው። ስለዚህ ምስጋናዬንም ቅሬታዬንም በአደባባይ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

1ኛ. ስለ ድምፁ። ልብስ ሰፊው ረሻድ አሥራ አምስት ዓመት አንገቱን ያሸሁለት ደንበኛዬ ነበር። አሁን እርስዎ አልጋ ላይ ሲተኛ አንገቱ ቋ እንደሚል፣ የሚጮኸውም አጥንቱ ሳይሆን በመገጣጠሚያው ውስጥ ያለ አየር መሆኑን እንዳስረዱት ለሰፈሩ ሁሉ ይሰብካል። እኔ ጋ የሚጮኸው ረሻድ ራሱ ነበር፤ ካልጮኸ ታሸሁ ብሎ አያምንም። በአየር የተተካሁ የመጀመሪያው ባለሙያ ስላደረጉኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

2ኛ. ስለ ሐቀኝነትዎ። ለታማሚው በአንድ ቀን እንደማይድን፣ ደጋግሞ መምጣት እንዳለበት፣ አንድ ሁለት ቀንም ሰውነቱን ሊያመው እንደሚችል አስቀድመው ይነግሩታል። እኔ ይህን ብል ሙያ የለውም እባል ነበር፤ እርስዎ ሲሉት ሳይንስ ሆነ። ይባስ ብለው እግሯን ይደነዝዛት የነበረችውን ጎረቤታችንን ዘይቱናን ይህ የእኔ ሥራ አይደለም ብለው፣ ወገቧን ሳይነኩ ወደ ሆስፒታል ላኳት። እኔ አንድም ሰው ከደጄ መልሼ አላውቅም፤ እሷንም ሦስት ጊዜ አሽቻታለሁ። አሁን ተሽሏታል፣ ተመስገን፤ ስታየኝ ግን መንገድ ትቀይራለች።

3ኛ. ስለ ጥያቄዎችዎ። ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ሰው ከመንካትዎ በፊት አስቀምጠው የት እንደሚያመው፣ መቼ እንደጀመረው፣ ምን ሲያነሳ እንደነበር ይጠይቃሉ አሉ፤ ሊጫኑ ሲሉም ፈቃድ ይጠይቃሉ። እኛ ወጌሾች የምንጠይቀው ለማዘናጋት ነው። ልጆችህ እንዴት ናቸው እንለዋለን፣ መልስ ሲጀምር እንስበዋለን። በሃያ ሰባት ዓመት ትዳራችን አክበረትን ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳዘናጋኋት እንጃ። ዛሬ እንዴት ዋልሽ ስላት ትከሻዋን ታጠነክራለች። ለእርስዎ ግን ሕመሟ የጀመረው ከስምንት ዓመት በፊት፣ ውሃ በጠፋበት ሰሞን፣ እኔ ጋደም ብዬ ሳለሁ ጀሪካን ብቻዋን ስታነሳ መሆኑን አንድ ሰዓት ሙሉ አጫወተችዎ። ምን ስታወሩ ቆያችሁ ብዬ ስጠይቃት እንኳ የመለሰችልኝ ከእጄ ራቅ ብላ፣ በሩ ጋ ቆማ ነው።

ቀንቻለሁ፣ ክቡር ዶክተር። በዲግሪዎ አይደለም፣ በመስታወት ሕንፃዎም አይደለም። ሚስቴ ሳትፈራ ስለምታዋራዎ ቀናሁ።

እጅዎን ከብርድ፣ ወገብዎን ከውልቃት ይጠብቅልኝ እያልኩ፣ ምናልባት ቢወለቅብዎም ከማንም ቀድሜ ደርሼ፣ የልጆችዎን ደኅንነት እየጠየቅሁ እንደማሽዎ ቃል እየገባሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እጅ እነሳለሁ።

ወጌሻ ገብረዮሐንስ
ከጊዮርጊስ በታች

ድኅረ ጽሑፍ፦ አክበረት በመጀመሪያው ቀን የሞላችው ቅጽ ግልባጩ ከራጁ ጋር ቤት መጥቷል። "ከዚህ በፊት ያገኙት ሕክምና" በሚለው አንጻር፣ በራሷ እጅ ጽሑፍ "የለም" ይላል። ስምንት ዓመት ሙሉ ያሸሁት ወገብ ነው። እባክዎ ሐሙስ ስትመጣ፣ ቢያንስ "ቅቤ" ብለው ይጨምሩልኝ።