ባርኮና ከግድግዳው ወዲያ

ጥቅምት 6፣ ሰኞ

ገበያው ቀዝቃዛ ነበር። ክርና መርፌዬን ሰብስቤ በጊዜ ገባሁ። ዝናብ ጥሎ መንገዱ ባጃጅ ውጧል፣ ሰው ተረባርቦ ሲገፋ ትቼው መጣሁ።

አምስተኛውን ባርኮ ጨረስኩ። ለስንተኛ ጊዜ? እንጃ። አንድ ዓይና አዳኝ፣ ጫካ ውስጥ ብቻውን የሚኖር፣ ዘጠኝ መጽሐፍ ሙሉ ሰውና አውሬ የሚገድል። አምስተኛውን የሚያክል ግን የለም። አዞው ተሸካሚውን ከወገቡ ቆርጦ ሲጎትተው ባርኮ ዘሎ ጀርባው ላይ ይወጣና ጦሩን ዓይኑ ውስጥ... እስከ እንጨቱ ድረስ። ወንዙ ይቀላል። እዚህ ስደርስ ሁልጊዜ እግሬን እሰበስባለሁ፣ አዞው አልጋዬ ሥር ያለ ይመስል። ስድስተኛው ደካማ ነው። ባርኮን ፍቅር ይይዘዋል። አይሆንለትም።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በከባድ መኪና ከአዲስ አበባ ሲመለስ አንድ አንድ እያለ ነው ያመጣቸው። እሱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ እኔ ጣቱን እከተላለሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። መጀመሪያ ለይቼ ያነበብኩት ቃል «ደም» ነው። አጭር ነው፣ በየገጹም አለ።

ጎረቤቴ ሙና፣ የባለሱቁ የፋዲል ሚስት፣ ሦስተኛውን ተውሳ ሄደች። ሻርፗ ሥር ሸጎጠችው።

«ቤት የት ታደርጊዋለሽ?»

«የማሽላው ጆንያ ውስጥ። እሱ እንደሁ ማሽላ መብላት እንጂ መንካት አያውቅም።»

ጥቅምት 9፣ ሐሙስ

ሙና መጣች። ከንፈሯ ተሰንጥቋል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«በር መታኝ።»

«በሩ ቀለበት ያደርጋል?»

ሳቀች፣ ስትስቅ ቁስሉ ደማ። «እትዬ በለጡ፣ ባርኮ ሚስት የለውም አይደል?»

«የለውም።»

«ለዛ ነው ጥሩ ሰው የሆነው።»

ዘንዶውን የሚገድልበትን ሁለት ጊዜ አንብባዋለች። መንጋጋውን በሁለት እጁ ይዞ የሚሰነጥቅበትን። «ሲሰነጠቅ የሚያሰማውን ድምፅ ወደድኩት» አለች። እንዲህ ያለ ነገር የምትወድ ሴት ምን እያሰበች ነው? እኔስ?

ጥቅምት 12፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ከግድግዳው ወዲያ ፋዲል ይመታል። ጡጫ አይደለም፣ እንጨት ነው። ልዩነቱን አውቃለሁ። ጭቃው እየተፈረፈረ አልጋዬ ላይ ይረግፋል። ሙና አልጮኸችም። ጥርሷን ነክሳ ይሆናል።

በር ላይ ወጣሁ። ፊት ለፊት ያለችው ሱመያም በሯ ላይ ቆማለች። ተያየን። «የሰው ትዳር ነው» አለችና ገባች። እኔም ገባሁ።

ዱብሉቅ ከተማ ስንኖርም እንዲሁ። ሀረገወይን ትባላለች፣ ግድግዳ እንጋራ ነበር። ባሏ ሲመታት ጮኸች። እኔ አራተኛውን ይዣለሁ፣ ባርኮ ከነብር ጋር ተናንቆ... ጩኸቷን ሰማሁ። ገጽ ገለጥኩ። በመጥረቢያ ነው የገደላት።

ምክንያት አለኝ። ሁሌም አለኝ። የዚህ አገር ሴቶች ሲንቄ አላቸው፣ ሲዳሩ እናት የምትሰጣቸው ቀጭን ዱላ። አንዷ ስትበደል ይጮኻሉ፣ ሴቱ ሁሉ ዱላውን ይዞ ይወጣል። ወንድ ሲንቄ አያልፍም። እኔ ከወልቂጤ በኩል የመጣሁ... ሲንቄ የለኝ፣ ብጮኽ ማን ይወጣልኛል? መጮኽ የባለዱላዎቹ ነው። ምክንያቴ ይኸው።

ጥቅምት 14፣ ማክሰኞ

አዴ ሎኮ ወተት ይዘው መጡ። ጉጂ ናቸው፣ ከከተማው ዳር።

«አካም፣ በለጡ?»

«ናጋ፣ አዴ።»

እንደ ዋዛ ጠየቅኳቸው። ሲንቄ የሌላት ሴት ብትጮኽስ?

መቅዳቱን ተዉት። «ሰው በምን ይጮኻል?»

«በአፉ።»

«አፍ አለሽ?»

«አለኝ።»

«በቃ። ዱላው የኛ ነው፣ ጩኸቱ የሴት ሁሉ። ዱላው እኮ ጩኸት ሰምቶ ነው የሚመጣው። ካልተጮኸ ጣራ ሥር ተሰክቶ ምስጥ ይበላዋል።» ዓይኔን አዩኝ። «ይህን ሁሉ ዘመን ከኛ ጋር ኖረሽ ይህን አታውቂም?»

አልጠየቅኩማ። ማወቅ ስላልፈለግኩ ይሆን?

ወተቱ ተቀምጦ ረጋ።

ጥቅምት 20፣ ሰኞ

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ፊደሉ ተንጋዷል።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ፋዲል ከሱቅ ያለ ሰዓቱ መጣ። ማሽላ የሚፈልግ ደንበኛ ይዞ ነበር አሉ። ጆንያውን ሲገለብጥ መጽሐፉ ወደቀ። «ይሄ ነው ቤቴን ያበላሸው?» ሲል ሰማሁ። ወረቀት ሲቀደድ። ከዚያ እንጨቱ። ከዚያ ሙና ጮኸች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

እጄ ላይ ሰባተኛው ነበር። ጣልኩት። መንገዱ መሀል ቆሜ አፌን ከፈትኩ። መጀመሪያ ድምፅ አልወጣም። ደግሜ ሞከርኩ... ወጣ። የኔ አልመሰለኝም።

ማንንም ሳልጠብቅ በሩን በትከሻዬ ገፍቼ ገባሁ። ሙና መሬት ላይ ናት። ጥርሷም መሬት ላይ ነው። የባርኮ ገጾች ደሟ ላይ ተጣብቀዋል። ፋዲል እንጨቱን ጥሎ የበሩን መወርወሪያ ብረት ይዟል። ራሷ ላይ ሲያነሳው እጄን አስገባሁ። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። መጽሐፍ ላይ አጥንት «ቀጭ» ይላል። ውሸት ነው። እርጥብ ድምፅ ነው ያለው።

እኔም መታሁት። ይጻፍ። በደህናው እጄ የማሽላ መስፈሪያውን ጣሳ አንስቼ ፊቱን አልኩት። ደገምኩት። ቅንድቡ ተተረተረ። ደስ አለኝ። ይህም ይጻፍ።

ልሠልስ ስል በሩ ጨለመ። አዴ ሎኮ ናቸው፣ ወተት ሊያዳርሱ ሰፈር ውስጥ ነበሩ። ከኋላቸው ሴት በሴት፣ ዱላ በዱላ። አዴ ከአንዷ ሲንቄ ተቀብለው በፋዲልና በሙና መሀል አጋደሙት። ቀጭን ነገር፣ ዶሮ እንኳ የማያባርር። ፋዲል ብረቱን እንደያዘ ቆሟል፣ ደሙ ዓይኑ ውስጥ እየገባ።

«እለፈው እስቲ» አሉት በቀስታ።

አላለፈም። ብረቱን አስቀመጠ።

ሱመያ ገብታ ሙናን ከመሬት አነሳቻት። ስትሮጥ የመጣችው ማማሰያ ይዛ ነው። ወጥ ያለበት።

ጥቅምት 22፣ ረቡዕ

ሴቶቹ አልተበተኑም። ፋዲል እስኪክስ በሩ ላይ ተቀምጠዋል፣ ወደ ቤቷ የምትሄድ የለችም። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ የራሱን ሽሮ እያሳረረ ነው። የሱመያ ባል «ጨው የት ነው?» ብሎ ላከባት። «ይፈልገው፣ ቤቱን ይልመድ» አለች። መንደሩ ሳቀ፣ ሙና እንኳ።

ከሰዓት ሽማግሌዎች ፋዲልን ይዘውት መጡ። በሬ አረደ። ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀ። እዚህ ላይ ትመለሳለች ብለው ሁሉም ጠበቁ።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለችው ባበጠ አፏ። «አልመለስም ግን።»

ጉምጉምታ ሆነ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ታዲያ በሬው ለምን ታረደ?» አለ።

አዴ ሎኮ መለሱ። «ሴት ደብድቦ ሲንቄ ስላስወጣ። የሷ አንገት ከበሬው አንገት ጋር መቼ ታሰረ?»

ስመለስ ባርኮዎቹን አየኋቸው። ስምንት ቀርተዋል። በሁሉም ውስጥ ሴት ትጮኻለች፣ ባርኮ ይመጣል። አንዲት ሴት እንኳ የሌላዋን ጩኸት አትሰማም። ይህን ሁሉ ጊዜ እያነበብኩ እንዴት አላየሁትም?

ጥቅምት 27፣ ሰኞ

የሙና ወንድም ተውፊቅ ከዶሎ ኦዶ መጥቶ ወሰዳት። አምስተኛውን ሰጠኋት። አልደበቀችውም። ሚኒባሱ ውስጥ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፣ የሽፋኑ አዞ ወደ ላይ አፉን ከፍቶ።

«አንቱስ ምን ያነባሉ?»

«ሌሎቹ አሉ።»

«ስድስተኛው አይረባም ብለው የለ?»

«አይረባም። አነበዋለሁ።»

ሄደች።

ህዳር 9፣ ቅዳሜ

ወጌሻው እጄን ፈታው። ትንሽ ጠሟል። መርፌ ግን ይይዛል።

ፋዲል ሱቁን ከፍቷል። ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለ። እሱ አንገቱን ይደፋል፣ እኔ አልደፋም።

ሀረገወይን አልቀለለችልኝም። ድሮ ምክንያቴ ይጋርዳት ነበር። አሁን ፊቷን አየዋለሁ። የግንባሯን ንቅሳት ረስቼው ነበር... አስታወስኩት።

ከሰዓት ስምንተኛውን ጀመርኩ። ባርኮ የወንበዴዎቹን አለቃ ጉሮሮ ይዞ ውሃ ውስጥ ደፍቆታል፣ አረፋው እየቀነሰ... ውጭ የሆነ ነገር ከግድግዳ ጋር ተላተመ። ከዚያ ጩኸት። ደጅ ቆሜ ነው መነሳቴን ያወቅኩት።

ፍየል ናት። ራሷ ባልዲ ውስጥ ገብቶባት በየግድግዳው ትጋጫለች። ሱመያ በባዶ እግሯ ወጥታለች፣ እጇ ሊጥ ነው።

«አንቱም ሰሙ?» አለችኝ እያለከለከች።

«ሰማሁ።»

እሷ የፍየሏን አንገት ያዘች፣ እኔ ባልዲውን ሳብኩ።