ባለቤቴ የት እንደ ዘመተ ይነገረኝ

ይድረስ ለክቡር የጀግንነት ሽልማት ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ባለፈው ሳምንት በአዳራሹ ያን ረጅም ንግግር ሲያደርጉ ያስቸገረዎት ጉሮሮዎስ እንዴት ነው? እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ የነበርኩት፣ የተሸላሚው የድሮን አብራሪ ባለቤት ነኝ። ሙያዬ ልብስ ስፌት ነው። እጅ ከነሣሁ በኋላ ለባለቤቴ ስለተሰጠው የጀግንነት ሜዳሊያ ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዎቼን በአደባባይ ላቀርብ ተነሥቻለሁ፤ በአደባባይ ማድረጌም በግል የላክኋቸው ደብዳቤዎች ከጸሐፊዎ ጠረጴዛ አልፈው ክቡርነትዎን ማስቸገር ስላልደፈሩ ነው።

አንደኛ፤ ባለቤቴ «በእሳት መካከል ጸንቶ፣ ሕይወቱን ለአደጋ አጋልጦ» ተዋጋ ተብሎ ሲነበብ ስሰማ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። እኔ የማውቀው ባለቤቴ ጠዋት ልጃችንን ትምህርት ቤት አድርሶ፣ የሻይ ፔርሙሱን ይዞ፣ እኔ በሰፋሁለት ትራስ ላይ ተቀምጦ፣ ከብዙ ተራራ ማዶ ባለ ሰማይ ላይ ድሮን ሲያበር ውሎ ለራት የሚመለስ ሰው ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ እሳት ቢኖር የሻይ ማፍያው ብቻ ነው። የተኮሰበት የለም፤ ልተኩስ ቢልም የሚደርስበት የለም። ባሌን እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቀም እያየሁ ማጨብጨብ አልቻልኩም። እሱ ራሱ ጀግና አይደለሁም ይላል። ጀግና ነው የሚሉት እርስዎ ብቻ ነዎትና ስለ ልግስናዎ እናመሰግናለን።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ወንድሜን ይመለከታል። ወንድሜ እግረኛ ወታደር ነበር፤ ቁስለኛ ተሸክሞ ሲወጣ ተመትቶ አንድ እግሩን እዚያው ትቶ መጣ። ለሜዳሊያ ሲያመለክት ኮሚቴዎ በታላቅ ትሕትና «በዓይናቸው ያዩ ምስክሮች ያቅርቡ» አለው። ምስክሮቹ ከተሸከመው ሰው ጋር እዚያው ቀርተዋል። የባለቤቴ ሥራ ግን አንድ ሳይቀር የተቀረጸ ስለሆነ ምስክር አላስፈለገውም። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ እንባው እስኪመጣ ሳቀና «ሌላ ጊዜ ስዘምት ጠመንጃውን ትቼ ካሜራ ነው የምይዘው» አለ። ክቡርነትዎም እንዲስቁበት ብዬ ነው የጻፍኩት።

ሦስተኛው ዋናው ነውና እባክዎ ወንበርዎን ያመቻቹ። ባለቤቴ ታሟል። በድሮኑ ካሜራ አንድ ብስክሌት ጠጋኝ ለሳምንታት ሲከታተል ነበር፤ ሰውየው ግቢውን ሲጠርግ፣ ለዶሮዎቹ ጥሬ ሲበትን፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ ፈልጎ ወንበሩን ሲያዞር ያውቀዋል። ፊቱን ግን አያውቀውም፤ የሚያውቀው አናቱንና ጥላውን ነው። ከዚያ ምታ ተባለ፤ መታ። ከመታም በኋላ የደረሰውን ጉዳት እንዲያጣራ እዚያው ቆይ ተባለ፤ አንዲት ሴት መጥታ የተበተነውን ስትለቅም እስክትጨርስ ድረስ አየ። ከዚያ ወዲህ ልብስ ሳሰጣ «ከጣራው ሥር ግቢ» እያለ ይጮህብኛል። ልጃችን ደጅ ስትጫወት ሮጦ ያስገባታል። እህል አይወርድለትም፤ ሳናግረውም አናቴን እንጂ ዓይኔን አያየኝም።

ስለዚህ በሽልማቱ ማግስት እዚያው በእናንተ ሕንፃ ምድር ቤት ወዳለው የሕክምና ቦርድ ወሰድኩት። ሐኪሙ በጣም ጨዋ ሰው ናቸው። «የጦር ጉዳት ሕክምና ጦር ሜዳ ለዋለ ብቻ ነው፤ ባለቤትዎ ደግሞ ከወንበራቸው አልተነሱም። ደም ያልፈሰሰበትን ቁስል አንመዘግብም» ብለው የወገብ ቅባት አዘዙለት። ደረጃውን ወጥቼ ቢሮዎ ብጠይቅ ጸሐፊዎ «ጦር ሜዳ ባይውል ኖሮ ይሸለም ነበር እንዴ?» አለችኝ። ወርጄ ይህንኑ ብናገር ሐኪሙ ቅባቱን ጠዋትና ማታ መቀባት እንዳልረሳ አሳሰቡኝ። እንግዲህ ባሌ ፎቅ ሲወጣ ዘማች፣ ምድር ቤት ሲወርድ ወንበር አሟቂ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሕንፃ ስለሠራችሁልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ያ ሲስቅ የነበረው ወንድሜ ይህን ስነግረው አልሳቀም። «የኔ ጉዳት ይታያል፣ የሱ አይታይም። ጀግና አይበሉት፤ ሐኪም ግን አይከልክሉት» አለ። ከኮሚቴዎ ስብሰባዎች ሁሉ ይህቺ ቃሉ ትበልጥብኛለች። ተናድጃለሁ፣ ክቡርነትዎ፤ ፈርቻለሁም። ባሌ እጄ ላይ እያለቀ እናንተ ታጨበጭባላችሁ።

የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው፤ ባለቤቴ የት ነበር? ጦር ሜዳ ነበር ካሉ ያሳክሙልኝ። ወንበር ላይ ነበር ካሉ ሜዳሊያዎን ይውሰዱና ለወንበሩ ያንጠልጥሉለት፤ እኔ የሰፋሁትን ትራስ በምርቃት እጨምራለሁ። ሁለቱም ነው ካሉ ደግሞ አንድ ቀን ወደ ምድር ቤት ወረድ ብለው ከሐኪሙ ጋር ይተዋወቁ፤ ጎረቤታሞች ናችሁ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ የማይዘጋ ጉሮሮና ደረጃ ለመውረድ የሚበቃ ጉልበት ከልብ እየተመኘሁ፣ ከማይነጥፍ አክብሮቴ ጋር፤

እርስዎ እስኪወስኑ ድረስ የዘማቹም የተቀማጩም ባለቤት የሆንኩት፣
ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፤ ለመጪው ሰልፍ ሜዳሊያው ደረቱ ላይ ሆኖ እንዲመጣ ስላዘዛችሁ ዩኒፎርሙ ላይ ልሰካው ስል መርፌው አውራ ጣቴን ወጋኝ። ዕድሜዬን ከመርፌ ጋር የኖርኩ ነኝና አላመመኝም፤ ነገር ግን ደሜ ጠብ ብሎ ደረት ኪሱን ነካው። ቦርዱ ደም ካላየ ስለማይመዘግብ አላጠብኩትም። ይዤው እመጣለሁ።