የሞምባሳዋ ሴት ሰላምታ

ጥር 9 ቀን 1988
የጂኦግራፊ ፈተና ነበር። ባዶ ካርታ ሰጥተውን ወደቦችን ሙሉ አሉን። ጂዳ፣ ቦምቤይ፣ ሞምባሳ፣ ማርሴይ... ዐሥር ከዐሥር አገኘሁ። መምህሩ፣ "ኦፒው፣ መቼ ሄደህ አየሃቸው?" ብሎ ክፍሉን አሳቀብኝ። እኔ ከጋምቤላ ወጥቼ የማውቀው አቦቦን ብቻ ነው። ዓለምን የዞረው ኒካው ነው፣ ታላቄ። መርከብ ላይ ሳህን እያጠበ። ቦምቤይ ላይ በትኩሳት ከሞተ ሁለት ወር ሆነው። እዚያው ቀበሩት።

ቤት ስደርስ ማንጎው ሥር እንግዳ ተቀምጧል። ዳምጤ ይባላል፣ መርከቡ ላይ አብሮት የሠራ ነው። የኒካውን ሻንጣ አምጥቷል። እጁ ላይ ያሰረው ሰዓትም የኒካው ነው። እሱ ነው የሰጠኝ ይላል። ማን አየ?

ጥር 10
ዳምጤ የኒካውን አልጋ ያዘ። የገዛ አባቱ በሰፈራ አቦቦ የመጡ ገበሬ ናቸው። ቅርብ ነው። ለምን አይሄድም?
እናቴ ታላቅህ ነው፣ በስሙ አትጥራው አለችኝ። ታላቄ አንድ ነበር።

ጥር 12፣ እሑድ
ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከእናቴ ጎን እሱ ተቀመጠ። እሷ በአኝዋክኛ፣ እሱ በአማርኛ፣ አንድ መዝሙር ዘመሩ። ስንወጣ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ዳምጤን ጨብጠው፣ "የኒካው ወንድም አንተ ነህ?" አሉት።
እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር።

ጥር 14
የእናቴ አማርኛ ከገበያና ከሰላምታ አያልፍም። ዳምጤ አኝዋክኛ አይሰማም። ስለዚህ አስተርጓሚው እኔ ነኝ።
ዛሬ ስለ ማርሴይ አወራ። አንዲት አሮጊት በቁመቱ ተገርማ ኒካውን መንገድ ላይ አቁማ ፎቶ አብረን እንነሣ አለችው። ጎንበስ ቢልም አልሆነም። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ አሮጊቷ ሙሉ ሆና ወጥታለች፣ ኒካው ግን ራስ የለውም። እናቴ የምትስቅበት ወሬ ነበር። እኔ በአኝዋክኛ፣ "ማርሴይ ይበርዳል ይላል" አልኳት።
እህቴ አኬሎ ሦስተኛ ክፍል ናት፣ አማርኛ ጀምራለች። "ፎቶውስ?" አለች። በእግሬ ነካኋት።
ዳምጤ አየኝ። "ያን ሁሉ አውርቼ በሁለት ቃል ጨረስከው? ቋንቋችሁ እንዴት አጭር ነው።"

የቆየ ልማዴ ነው። ደብዳቤዎቹንም ለእናቴ የማነብላት እኔ ነበርኩ። ኒካው አራት ገጽ ይጽፋል፣ እኔ "ደህና ነኝ፣ ሥራ አለ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ብዬ አጥፈዋለሁ። ለምን? እሱ ባሕር ሲያቋርጥ እኔ ከባሮ ውኃ እቀዳለሁ። ደግሞ... የእሱ ደብዳቤ ሲመጣ ፊቷ ይበራል። በእኔ እንዲያ በርቶ አያውቅም።
የሞምባሳውን ደብዳቤ ግን ጨርሶ አላነበብኩላትም። ባሮ ውስጥ ጣልኩት።

ጥር 15
እናቴ ዛሬም አልበላችም።

ጥር 16
ለቅሶ የመጡ ሴቶች ነበሩ። እናቴ ሁለት ወር ሙሉ የምትለውን ደገመችው። "ልጄ ቃሉን የሚሰማ በሌለበት አገር ሞተ። ውኃ ቢል ማን ሰማው?"
ዳምጤ ምን አለች ብሎ ጠየቀኝ። አለቀሰች አልኩት።
ማን እንደሰማው አውቃለሁ። ደብዳቤው ውስጥ ነበር።

ጥር 18
ዳምጤ፣ "ስለ ሞምባሳዋ እናት ኒካው ጽፎላችኋል አይደል? ነገ እኔም ላጫውታት" አለኝ።
ነገ! "ሞምባሳ ዓሣ ርካሽ ነው ይላል" ብዬ ልተርጉም? አኬሎ ትሰማኛለች። ባትኖርስ? እሱ ቢነግራት ፊቷ ለእሱ ነው የሚበራው። ይህንንም ይውሰድብኝ?

ጥር 19፣ እሑድ
እሱ ሳይነሣ ቀደምኩት። እናቴ በቆሎ ትፈለፍል ነበር። የኒካው ደብዳቤ ከሞምባሳ መጥቶ ነበር፣ ሳላነብልሽ ባሮ ጣልኩት አልኳት። እጇ ቆመ። ከዚያ ነገርኳት። ለካ አንድም ቃል አልጠፋኝም። ስንት ጊዜ እያነበብኩ ቀንቼ ኖሯል?

ኒካው እንዲህ ነበር የጻፈው፦ "ገበያ መሐል ፀሐዩ ቢያቃጥለኝ ለራሴ በእኛ ቋንቋ ውኃ አልኩ። ዓሣ የምትሸጥ ሴት ቀና አለች። ቀድታ ሰጠችኝ። ከሉኦ ጎሳ ናት፣ ከምትናገረው ብዙው የእኛ ነው። ዓሣ ጠብሳ አበላችኝ። ልከፍል ብል ልጅ ለእናቱ ይከፍላል ወይ አለችኝ። እናትህን፣ ልጅሽ እኔ ቤት በልቷልና አታስቢ በልልኝ ብላለች።"

እናቴ በቆሎውን አስቀመጠችው። "መቼ ነው የመጣው?" አለችኝ።
"አምና፣ ግንቦት ላይ።"
"ያኔ እኮ በሕይወት ነበር" አለች። "መልስ እልክለት ነበር።"
ተነሥታ ሄደች። ቤተ ክርስቲያን ያለ እኔ ሄደች።

ጥር 20
አላናገረችኝም።

ጥር 22
አላናገረችኝም። ግን በልታለች። አኬሎ ናት የነገረችኝ።

ጥር 24
ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠራችኝ። ሌላ ምን ደብቀኸኛል አለችኝ። የማርሴይዋን አሮጊት ነገርኳት። ራስ የሌለው ፎቶ ላይ ስደርስ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ አለቀሰች። ጂዳን ነገርኳት፣ ቦምቤይን ነገርኳት። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ።

ጥር 26፣ እሑድ
ከኢታንግ ዘመዶች ለለቅሶ መጡ። እናቴ ልጄ ብላ ስትጀምር ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። አላለችውም። የሞምባሳዋን ሴት ማውራት ጀመረች። ሴቲቱ እንደ እሷ ረጅም ናት። አንድ ዓሣ ሳይሆን ሦስት ነው የጠበሰችለት። ሲሄድም ለመንገድ ቋጥራለታለች።

ዳምጤ ምን እያለች ነው አለኝ። ዛሬ አንድ ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩለት።
"ዓሣው እኮ አንድ ነበር" አለ ቀስ ብሎ።
"አውቃለሁ።"
"አታርማትም?"
"አላርማትም።"

ነገ ወደ አባቱ ይሄዳል። ዓሣው ሲጠበስ እሱ እዚያ ነበር፣ እኔ አልነበርኩም። አሁንም ቀናሁ። ወደ እሱ ጠጋ ብዬ፣
"ትልቅ ነበር?" አልኩት።