የፊታውራሪ ጉልላት ሞተር

ሐምሌ 28 ቀን 1976
ጠዋት የትራክተር ዘይት ቀየርኩ። ከምሳ በኋላ የበዓሉ ኮሚቴ ሊቀመንበር ጓድ ባዬ ጋራዥ መጣ። ከፊታውራሪ ጉልላት የተወረሰችው ጥቁር ፊያት መስከረም 2 ለሰልፍ ትወጣለች አለ። ሕዝቡ የበዝባዥ ቅንጦት እንዲያይ። በራሷ ሞተር... ሌላ ከገባላት ታሪክ ይዛባል። ካልተነሳችስ? አልኩት። "አሻጥር ነዋ፣ ጓድ ማቴዎስ።" ፈገግ ብሎ ነበር። እኔ አልቻልኩም።

ነሐሴ 3
ሞተሩን ፈታሁ። ከተወረሰች በኋላ ያለ ዘይት ነድተዋት ፒስተኑ ተጣብቋል። ማን እንደነዳት አልጠየቅኩም። ነጭ ጋዝ አጠጥቼ ተውኩት።

ነሐሴ 6
ኮሚቴው ተሰበሰበ። ዕቃው እንዳይሰረቅ ለየአባሉ ተከፋፈለ፣ በፊርማ። ፒስተኖቹ ለወጣቶች ማኅበር፣ ካርቡራቶሩ ለጓድ ሮማን። ለእኔ መፍቻው ቀረ።

ነሐሴ 14
ሮማን ካርቡራቶሩን መሳቢያ ውስጥ ቆልፋ ይርጋለም ለስብሰባ ሄዳለች። መሳቢያው ይሰበር ብሎ ለመወሰን ደግሞ ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም።

ነሐሴ 22
ፒስተኖቹም ካርቡራቶሩም መጡ። አሁን ደግሞ የቫልቩን ክፍተት ስንት ላድርገው? መጽሐፉ የለም። ተደብቄ ከከተማው ምሥራቅ፣ ፊታውራሪ ወደተከራዩዋት አንድ ክፍል ሄድኩ። ፊታውራሪ ማለት ክልክል፣ ጓድ ለማለት አፌ እምቢ አለ። "አባባ" አልኳቸው። "በፖስታ ካርድ ለካው" አሉ። "ጠበቅ ብሎ ካለፈ በቃ።" በምላሹ የጠየቁት አንድ ነገር... ከመሞታቸው በፊት የመኪናዋን ድምፅ መስማት። የሰልፉ ቀን ፒያሳ ይቁሙ፣ ይሰማሉ አልኳቸው። ምን አፌን አስከፈተኝ?

ጳጉሜ 3
ተነሳች! በአንድ ቁልፍ። ድምጿ ለስለስ ያለ... ደስታዬን የት ላድርገው። የባዬ ፊት ግን ጠቆረ። የራሱ የቢሮ መኪና አጠገቧ ቆማ ጭስ ትተፋለች። አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ውሳኔ፦ የሞተ ሥርዓት በራሱ አይሄድም፣ ሞተሯ ይጥፋና ሕዝቡ እየገፋት ይለፍ።
አንድ ወር ሙሉ ለዚህ ነው የለፋሁት? ሽማግሌውስ?

መስከረም 2 ቀን 1977
መሪ ይዤ ተቀመጥኩ። ሃያ ሰው ገፋ። የበዝባዥን መኪና፣ በላብ፣ እየዘመረ። ፒያሳ ስንደርስ አባባ ጥግ ላይ ቆመዋል። ለመስማት እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገዋል። መቼም ፈሪ ነኝ... እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ቁልፉን ከፍቼ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩ። ተነሳች። ገፊዎቹ ባዶ አየር ገፍተው ተደራረቡ። አባባ ባርኔጣቸውን አወለቁ።
ነገ ለግለ ሂስ ተጠርቻለሁ። ክሱ መኪናዋን ማስነሳት ነው። ሐምሌ ላይ አለመነሳቷ ነበር አሻጥሩ።
መልሴን ግን አዘጋጅቻለሁ፦ እኔ አላስነሳኋትም፣ ገፍቶ ያስነሳት ሰፊው ሕዝብ ነው።