የሐጂ ወንበር

ሰሎሜዬ፣ የሞጣ ፎቶ ያለበት ካርድ ባጣ የጣና ጀልባ ፎቶ ባለበት ካርድ ጀርባ ላይ እየጻፍኩልሽ ነው።

እንደምታውቂው የጤና ጥናት ቡድናችን ቁርጭምጭሚታቸው ተሰብሮ የታከሙ ሰዎች ዛሬ እንዴት እንደሆኑ እየዞረ ይጠይቃል። ትናንት ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ አብዱልዋሂድ ቤት ገባን። «ህመምዎ ከአስር ስንት ይሆናል?» አልኳቸው። «አልሐምዱሊላህ፣ ምንም የለኝ ልጄ» አሉኝ፤ እኔም ዜሮ ጻፍኩ። ወዲያው አዛን ሲል ልጃቸው ሀሲና ወንበር አምጥታ መስገጃው አጠገብ አስቀመጠች። «ከተሰበሩ ወዲህ እግራቸው አልታጠፍ ብሏቸው ተቀምጠው ነው የሚሰግዱት» አለችኝ። ለካ ግንባራቸው መሬት ከነካ ዓመት ሆኖታል! ሲጨርሱ «ምነው ሐጂ፣ ደበቁኝ?» ብላቸው ሳቁብኝ። «ገና ቤቴ ለገባ እንግዳ ህመም ይወራል እንዴ?»

አየሽ፣ የሞጣም ሰው እንደ ቢቸናችን ሰው ህመሙን ለጠያቂ አይናገርም። ዜሮዬን ሰረዝኩና ከሞጣ ባልደረቦቻችን ጋር «ሲሰግዱ እንዴት ነው?» የሚል ጥያቄ ፎርሙ ላይ በእስክሪብቶ ጨመርን።

ካርዱ ሞላብኝ። እናትሽን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ ናፍቃችሁኛል። አባትሽ የኔታ አካለ ወልድ ግን ከሐሳቤ አልወጣ አሉ። ስለተሰበረው እግራቸው ባለፈው ወር ስጠይቃቸው «ተመስገን» ብለውኝ፣ ደስ ብሎኝ ዜሮ ሞልቼላቸው ነው የመጣሁት። አንቺ ያምዎታል ወይ ብለሽ አትጠይቂያቸው። ነገ ማልደው ሲጸልዩ ቀስ ብለሽ እያቸው፤ ጎንበስ ብለው መሬቱን ካልነኩ ደውይልኝ፣ አርብ እመጣለሁ።

ያንቺዋ ይርጋነሽ