ወራሾቼ ስለ ቀደሙኝ እንደገና የተናዘዝሁት

ሰጥቶ በማይጸጸት፣ ወስዶ በማይጠየቅ አምላክ ስም።

እኔ አንሙት እንዳላማው፣ በስናን ወረዳ ከሮብ ገበያ በላይ ካለው ዳገት ነዋሪ፣ ዕድሜዬ ዘጠና አምስት፣ አእምሮዬ ያልተናወጠ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ጥር ፲፰ ቀን ፳፻፲፬ ዓ.ም. በቤቴ ተቀምጬ ይህን ተናዝዣለሁ። ከአሁን በፊት ያስጻፍኋቸው ሁለት ኑዛዜዎች ፈርሰዋል። ያፈረስኋቸው ተቀይሜ አይደለም፤ ወራሾቹ ስለ ቀደሙኝ ነው።

የበኩር ልጄ ምናለ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። በአምሳ ሁለት ዓመቱ መሪ እንደ ጨበጠ ደም ግፊት ጣለው። ታናሹ ፈቃዱ ደብረ ማርቆስ ጸሐፊ ሆኖ ሠላሳ ዓመት ወንበር ላይ ኖረ፤ ስኳር በሽታ መጀመሪያ እግሩን፣ ኋላም ራሱን ወሰደው። የሁለቱንም አስከሬን ተከትዬ ይህን ዳገት በእግሬ ወጥቻለሁ። ሰው ሁሉ "አይዞህ፣ በርታ" አለኝ። የጎዳኝስ መበርታቴ አይደለምን?

እነርሱንም እኅታቸውንም ወደ ከተማ የሰደድኋቸው እኔ ነኝ። ምናለ "አባባ፣ እርሻው ይሻለኛል" ብሎ ሲያለቅስ፣ "እዚህ ከብርድና ከገብስ በቀር ምን አለ?" ብዬ በሬ ሸጬ ሰደድሁት። ይህም ይጻፍ።

አምና ስለ ረጅም ዕድሜ የሚያጠኑ ሰዎች መጥተው አኗኗሬን ጠየቁኝ። ገብስና ተልባ፣ የምንጭ ውኃ፣ ጾም፣ በጊዜ መተኛት፣ ገበያ በእግር ወርዶ መውጣት አልኋቸው። ጽፈው፣ አመስግነው ሄዱ። "ልጆችዎስ?" ያለኝ የለም።

ምንጩም በጋ በጋውን መድረቅ ከጀመረ ቆይቷል። ከምንጩ ራስ ላይ ባሕር ዛፍ የተከለው ጎረቤቴ ጌቾ ነው። ሰባት ዓመት ሰላምታ ነሥቼዋለሁ። አሁን ይቅር ብዬዋለሁ፤ ብቀየመውም ውኃው አይመለስም።

የይዞታ መሬቴን፣ ቤቱንና ሁለቱን ላሞች የቀረችኝ ልጄ ዓይናዲስ ትውረስ። "እዚህ ወጥታ ትኑር" የሚል ግዴታ አስጽፌ ነበር። እርሷ ግን ከመኪና መንገዱ እደጃፌ ለመድረስ አራት ጊዜ አርፋ መጣችና በምስክሮቹ ፊት፦

"አባባ፣ ኩላሊቴ ታሟል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ሐኪም ቤት እመላለሳለሁ። ተራራዎ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል?" አለች።

"አየሩ ይሻልሻል።"

"የሚሻለኝስ በልጅነቴ ነበር።"

ግዴታው ይሰረዝ አልሁ፤ ጸሐፊው መምህር ወልደ ሩፋኤል ሰረዙት።

የቀብሬን ነገር በተመለከተ፣ በኪዳነ ምሕረት ደብር ከምናለና ከፈቃዱ አጠገብ ለራሴ ያስጠበቅሁት ቦታ አለ። መምህሩ ብዕራቸውን ሊያስቀምጡ ሲሉ ዓይናዲስ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ፣ "እሱን ለእኔ ይስጡኝ" አለችኝ።

ሰጥቻታለሁ። እኔን በተገኘው ስፍራ ቅበሩኝ።

ይህ ተነብቦልኝ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ በአውራ ጣቴ አትሜበታለሁ።

አንሙት እንዳላማው (የጣት አሻራ)

ሲናዘዙ በጆሯችን ሰምተን፣ አሻራቸውን ሲያኖሩ በዓይናችን አይተን የፈረምን ምስክሮች፦
መምህር ወልደ ሩፋኤል አበባው (ጸሐፊ)
አቶ መንግስቱ ምናለ (ጎረቤት)
ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ፈንታዬ
አቶ አበባው መንግስቱ